ኡበርን ትቶ ሊፍት መሳፈር ይበቃልን?

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ያሉ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በስልክ ታክሲ ሊጠሩ ሲሉ «ኡበር ሥነ ምግባር የለውም፤ ሊፍት ይሻላል» የሚሉበት ጊዜ አለ። ይህ ፍርድ ከየት እንደ መጣና እስከ ምን ድረስ እንደሚያዋጣ መመርመር ይገባናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሰባት አገር ሰዎች፣ ጐረቤቶቻችን ሱዳንና ሶማሊያ ጭምር፣ አሜሪካ እንዳይገቡ ባገዱ ማግስት የኒውዮርክ ታክሲ ነጂዎች ማኅበር አደመ፤ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ከኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ አናነሣም አለ። ኡበር በዚያው ምሽት በማረፊያው የዋጋ ጭማሪውን ማንሣቱን አስታወቀ። ኩባንያው አድማ መስበሬ አይደለም ቢልም ሕዝቡ ፈረደበት፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ደንበኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዉት። ይህን በ2019 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ባስመዘገበው ሰነድ ራሱ አምኗል። በፌብሩዋሪ ሱዛን ፋውለር የተባለች መሐንዲስ በኡበር የደረሰባትን ትንኮሳ ጻፈች፤ በጁን አለቃው ትራቪስ ካላኒክ ሥልጣኑን ለቀቀ። እንግዲህ የደንበኛ ቍጣ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ይመልከት።

ነገር ግን የተከበረው ሊፍትስ? ለአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ማኅበር በአራት ዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ተመሰገነ እንጂ በዚያች የአድማ ሰዓት እሱም ሥራውን አላቆመም። ይባስ ብሎ፣ ካሊፎርኒያ በ2019 እንዲህ ያሉ ሾፌሮች ሠራተኛ ተብለው የሠራተኛ መብት እንዲያገኙ ሕግ ስታወጣ፣ ሁለቱ ተቀናቃኞች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆነው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው በኖቬምበር 2020 ውሳኔ 22 የተባለውን በሕዝብ ድምፅ አሳለፉ። በዚህ ውሳኔ ሾፌሩ ሠራተኛ አይባልም። የዝቅተኛው ደመወዝ 120 በመቶ ዋስትና አለው ይባላል፤ የሚቈጠርለት ግን ጥሪ ተቀብሎ መንገደኛውን እስኪያወርድ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። በሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ ጥሪ ሲጠብቅ የሚያልፈው ሰዓት የማንም አይደለም!

ደግሞስ በአንዱ መኪና መስተዋት ላይ የሁለቱም ምልክት ተለጥፎ እያየን ማንን መረጥን እንላለን? የሚነዳው ያው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም የእኛው አገር ልጅ ነው። በአዲስ አበባ ራይድና ፈረስ የምታወዳድር አንባቢም ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ሾፌሩ ከዚያ ምን እንደሚቀርለት ጠይቅ።

በኦክቶበር 2025 የካሊፎርኒያ ሾፌሮች ተደራጅተው ከኩባንያዎቹ ጋር በጋራ እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ተፈርሟል። የሕጉን ቃል ወደ አማርኛና ትግርኛ መልሰው በቴሌግራፍ ጐዳና ባሉት ምግብ ቤቶቻችን ለሾፌሮቹ ለማደል የተማሪ ማኅበሮቻችን ምን ይጠብቃሉ?