ወደ ጃፓንኛ በሽሮ ሜዳ በኩል

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ከሐበሻ ልብስ ሱቆች ደጃፍ ቆሞ የገዢና የሻጭን ወግ ያዳመጠ ሰው፣ አማርኛ ለአለባበስ ያለውን የግስ ብዛት ይታዘባል። ቀሚስ ይለበሳል፤ ነጠላ ይጣፋል ወይም ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል፤ ጋቢ ይደረባል፣ ብርዱ ሲጠና ይከናነቡታል፤ መቀነት ይታጠቁታል፤ ሻሽ ይታሰራል፤ ጫማ ይጫሙታል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ «ዌር» ብሎ ይገላገላል።

ጃፓንኛ በዚህ ነገር የእኛ ወገን ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ሲማር ያለውን ሀብት ጥሎ በድህነት ይጀምራል ባይ ነኝ። «ዌር» ከሚለው ቃል ሥር ስድስት ሰባት ግስ ተደርድሮ ሲያይ ይደነግጣል፤ አብዛኛውን ግን ከቤቱ ያውቀዋል። ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ «ሃኦሩ» ነው፤ የአንገት ልብስ መጠምጠም «ማኩ»፤ የኪሞኖ መቀነት መታጠቅ «ሺሜሩ»። «ካቡሩ» ኮፍያ መድፋት ነው፤ ብርድ ልብስን እስከ ራስ መከናነብም ይሆናል። ለሰዓትና ለጌጥ የሚሆነው «ሱሩ» ደግሞ የእኛው «አደረገ» ነው። የዛሬ ወጣት ኮፍያውንም መነጽሩንም ጫማውንም «አደረገ» ይላል።

ከግሶቹ ብዛት ይልቅ በግስ ጊዜ አጠቃቀም ላይ ያለው ዝምድና ይበልጣል። አንድ ሰው ኪሞኖ ለብሶ ቆሞ ብናይ «ለብሷል» እንላለን፤ «እየለበሰ ነው» ካልን ገና እጁን እያስገባ ነው ማለት ነው። በጃፓንኛም ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ ሲቆይ «ኪቴ ኢሩ» ይባላል። በእንግሊዝኛው «ኢዝ ዌሪንግ» ቅርጽ የሄደ ተማሪ ይህን ልዩነት እንደ አዲስ ሕግ ይሸመድደዋል፤ በ«ለብሷል» በኩል የመጣው ግን ወዲያው ይገባዋል።

አማርኛም የሚያሳስትበት ቦታ አለ። «ሱሪ ለበሰ» ስለምንል ከላይ ለሚለበሰው የሚሆነው «ኪሩ» ይቀድመናል፤ ስህተት ነው። ጃፓኖች ድንበሩን ወገብ ላይ ስላሰመሩት ሱሪ፣ ካልሲና ጫማ ሁሉም «ሃኩ» ናቸው። የእኛ ድንበር ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ ሱሪ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን። ይህ አንድ ጊዜ ከተነገረ የሚታረም ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው በ1924 ዓ.ም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲያሳትሙ፣ ሁለቱን አገሮች ለወገናቸው አንባቢ በራሱ ቋንቋ አስተያይተዋል። የቋንቋ መማሪያም እንዲሁ ሊዘጋጅ ይችላል። ለአማርኛ ተናጋሪ የጃፓንኛ መጽሐፍ የምታሰናዱ መምህራን፣ የአለባበሱን ምዕራፍ ከነጠላ፣ ከጋቢ፣ ከመቀነትና ከሱሪ ጀምሩት፤ «ዌር»ን ከገጹ አውጡት።