«በቀኝህ ጻፍ!» ከማለታችን በፊት

ለማስተማር ልምምድ አይከል አካባቢ ወጥቼ ሳለሁ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። አንደኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ በግራው ይጽፋል። ቀኝ እጁ ተጨብጦ ደረቱ ላይ ተለጥፏል። እኔም ኮስተር ብዬ «በቀኝህ ጻፍ!» አልኩት። ሞከረ፤ እርሳሱ ወደቀ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የሚቆጨኝ ይኸ ነው።

እናቱን ባነጋግራቸው «አራስ ሳለሁ ምች መታው፤ በሁለተኛው ቀን ያ እጁ ይንዘፈዘፍ ነበር» አሉኝ። ጎረቤት ቡዳ ነው ይላል። እሳቸው ግን ነፍሰ ጡር ሆነው በተሸከሙት እንስራ ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል።

ያለ ምርመራ እርግጡን መናገር ባይቻልም፣ እንዲህ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጨቅላነት ከሚደርስ ስትሮክ ነው። ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ብቻ ይመስለን ነበር እኮ! ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት እስከ ተወለዱ 28 ቀን ድረስም ይደርሳል፤ ከ1,000 እስከ 5,000 ልደት አንድ ያህል ይገመታል። የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ይዘጋል፣ ወይም ሥሩ ይደማል። ግራው አንጎል ሲጎዳ ቀኝ እጅና እግር ይደክማል።

የረጋው ደም ከእንግዴ ልጅ ሊነሳ ይችላል። የልብ አፈጣጠር ጉድለት፣ ማጅራት ገትር፣ ጡት በደንብ ሳያገኙ ቀርቶ የሰውነት ውኃ ማጣትም ምክንያት ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ ግን መነሻው ጭራሽ አይታወቅም። እንስራውማ ምን አደረገ?

አንዳንዱ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይንቀጠቀጣል። ሌላው ደህና መስሎ ያድግና ከ4 እስከ 6 ወር ሲሞላው አንድ እጁን ብቻ ይዘረጋል። እኛ ታዲያ «ግራኝ ነው!» ብለን እንስቃለን። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን እጅ አይመርጥም፤ ከመረጠ ሐኪም ይየው።

ውጤቱ እንደ ጉዳቱ ስፋት ነው። አንዳንዱን የሚጥል በሽታ ይከተለዋል፤ አንዳንዱ ንግግር ይዘገይበታል። አብዛኞቹ ግን ይራመዳሉ። የሕፃን አንጎል ደግሞ እንደ ሽማግሌው አይደለም፤ ያልተጎዳው ወገን የተጎዳውን ሥራ ሊረከብ ይችላል። ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኖ በደካማው ማጫወት የታወቀ ሕክምና ነው፤ ይህም በባለሙያ ምክር እንጂ በአስተማሪ ቁጣ አይደለም። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የምታሠለጥነው ጎንደር ከአይከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ።

ስለ ጥቁር ሰሌዳ አያያዝ ስንት ሰዓት ተምረናል! ለዚህ ጉዳይ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠን ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

በማግሥቱ ልጁን ከፊት አስቀምጬ ደብተሩን ከዴስኩ ጋር በፕላስተር አጣበቅሁለት። በግራው ጻፈ፤ ክፍሉ አልሳቀም።