ከዩናይትድ ይልቅ ሀምበሪቾ

የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ሶከር እ.ኤ.አ. በ1996 በአሥር ክለቦች ሲጀመር የክለቦቹ ስያሜ የተቀዳው ከአገሪቱ የቤዝቦልና የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ልማድ ነበር። የከተማው ስም ይቀድማል፣ ቅጽል ስም ይከተለዋል፤ ዳላስ በርን፣ ሳን ሆዜ ክላሽ፣ ታምፓ ቤይ ሚዩቲኒ፣ ሎስ አንጀለስ ጋላክሲ። ከአሥሩ መካከል የእንግሊዝ ጠረን ያለው የዋሽንግተኑ ዲሲ ዩናይትድ ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ነፋሱ ተገለበጠ። ዳላስ በርን በ2005 ኤፍሲ ዳላስ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሪያል ሶልት ሌክ ሊጉን ተቀላቀለ፤ ካንሳስ ሲቲ ዊዛርድስ በ2011 ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ተባለ። አትላንታና ሚኒሶታ ዩናይትድ፣ ማያሚ ኢንተር፣ ሴንት ሉዊስ ሲቲ ብለው ተከተሉ። ይህ አካሄድ ደግ ነው ወይስ ኩረጃ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አላባራም።

ክርክሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንጋጫና በዱራሜ፣ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ያለው የእግር ኳስ ተመልካች ከማንም በተሻለ ሊፈርድበት ይችላል። ከአካባቢው ወጥተው ፕሪሚየር ሊግ የደረሱት ሁለት ክለቦች፣ ሀዲያ ሆሳዕናና ሀምበሪቾ ዱራሜ፣ የስያሜን ነገር በሁለት የተለያዩ መንገዶች የፈቱ ናቸውና።

ስለ አሜሪካኖቹ ሲፈረድ የተዋሱትን ሁሉ በአንድ ላይ መኮነን አይገባም። «ኤፍሲ» ወይም «ዩናይትድ» የሚለው ጭማሪ ብዙም የሚጎዳ አይደለም፤ ከፊቱ የቆመው የከተማው ስም ነው፣ ሥራውን የሚሠራውም እሱ ነው። «ሪያል» ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሪያል ማድሪድ ይህን ማዕረግ ያገኘው በ1920 ከስፔኑ ንጉሥ ከአልፎንሶ 13ኛ ነው። ንጉሥ የሚባል ነገር አንፈልግም ብላ በ1776 ነፃነቷን ባወጀች አገር፣ በዩታ በረሃ ዳር የቆመ ክለብ የማንን ዘውድ እንደሚሸከም ለማንም ግልጽ አይደለም። ደጋፊዎቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ፊደል አሳጥረው ይጠሩታል። የማያሚው «ኢንተር» ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል፤ በአሜሪካ የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት ከሚላኑ ኢንተር ጋር ክርክር ውስጥ ገብቷል። የሰው ስም የወሰደ ባለቤቱ ሲጠይቅ መልስ ማዘጋጀት አለበት።

በተቃራኒው ወገን የሚቀርበው ጠንካራ ማስረጃ የካንሳስ ሲቲው ነው። ስሙ ሲቀየር ብዙዎች ሳቁበት፤ ክለቡ ግን በ2012 የአሜሪካን ኦፕን ካፕ፣ በ2013 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፣ ስታዲየሙም ሞላ። ሆኖም በዚያው በ2011 ክለቡ ለእግር ኳስ ብቻ ተብሎ ወደተሠራ አዲስ ስታዲየም ገብቶ ነበር። ለስኬቱ የስሙ ድርሻ ስንት፣ የሜዳው ስንት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ይህ ጸሐፊ ሜዳው ይበልጣል ባይ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምሩት ግን ደጋፊዎች እምቢ ያሉባቸው አጋጣሚዎች ናቸው። በ2008 የሲያትል ክለብ ለደጋፊዎቹ ሦስት አዳዲስ አማራጮች አቀረበ፤ «ሳውንደርስ» የሚለው ከ1974 ጀምሮ የኖረው ስም ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። ሰው ግን ያልተጠየቀውን ራሱ እየጻፈ መረጠው፣ ስሙም ጸና። የኮሎምበሱ ክለብ በግንቦት 2021 «ክሩ» የሚለውን ወደ ጎን ገፍቶ «ኮሎምበስ ኤስሲ» ልባል ሲል በሳምንቱ ውሳኔውን ለማጠፍ ተገደደ። የሂዩስተኑ ደግሞ በ2006 መጀመሪያ በአውሮፓ ልማድ ዓመተ ምሕረት ተሸክሞ «ሂዩስተን 1836» ተባለ። 1836 ከተማዋ የተቆረቆረችበት ብቻ ሳይሆን ቴክሳስ ከሜክሲኮ በጦርነት የተለየችበት ዓመት ስለሆነ የሜክሲኮ ተወላጆች ቅር ተሰኙ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ «ዳይናሞ» ተባለ። ከአውሮፓ ልማድ ወጥቶ ወደ ሌላ የአውሮፓ ስም መግባቱ ነው። ዳይናሞ የሶቪየት የፀጥታ ኃይሎች ክለቦች መጠሪያ እንደነበር ያሰበበት ያለ አይመስልም።

የአውሮፓ ስሞች በአውሮፓ ከየት መጡ ብሎ መጠየቅ የክርክሩን ግማሽ ይፈታል። አርሰናል በ1886 የተመሠረተው በዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ፒኤስቪ የፊሊፕስ ኩባንያ ሠራተኞች፣ ባየር ሌቨርኩሰን የመድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞች ክለቦች ነበሩ። ስሙን ያወጣው ሠፈሩ፣ ፋብሪካው፣ ማኅበሩ እንጂ የማስታወቂያ ድርጅት አይደለም። ስለዚህ አውሮፓን መከተል ማለት እንደ አውሮፓ ከራስ ደጅ መሰየም ቢሆን ኖሮ፣ ከክለቦቹ ሁሉ ይበልጥ አውሮፓዊ የሚሆነው ምናልባት ለኮሎምበስ ሠራተኛ የተሰየመው ክሩ ነበር።

የአውሮፓ ስም በኢትዮጵያ ሜዳ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራትና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ፤ ዋንጫውም የእንግሊዞቹ ሆነ። እነዚህ ስሞች የውሸት አልነበሩም። የአዲስ አበባ ግሪክ ቡድኑን ኦሎምፒያኮስ ሲል የራሱን ነው የጠራው፤ ከአገሩ የተሰደደው አርመንም ሊመለስበት ያልቻለውን ተራራ ማሊያው ላይ ይዞ ይሮጥ ነበር። በግድ የመጣው ስም ሌላ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በጣሊያን ወረራ ዘመን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጫወት ተደርጓል። ፋሺስቶቹ ከሄዱ በኋላ ያንን ስም የጠራው የለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት የኢትዮጵያ ክለቦች ስሞች የየዘመናቸውን መንግሥትና መሥሪያ ቤት ያሳያሉ። የፖሊሱ ኦሜድላ ስሙን የወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ከገቡበት የጠረፍ ቦታ ነው። በደርግ ጊዜ «ትግል ፍሬ» እና «እርምጃችን» የሚባሉ ሻምፒዮኖች ነበሩ፤ ዛሬ ወጣቱ ሲሰማቸው የመፈክር ቁራጭ ይመስሉታል። መብራት ኃይል፣ የ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፕሪሚየር ሊግ ባለድል፣ ኮርፖሬሽኑ ሲከፈል ኢትዮ ኤሌክትሪክ ተባለ። መከላከያ ከ2015 የውድድር ዓመት ጀምሮ ወደ ጥንት ስሙ ወደ መቻል ተመልሷል፤ ይህ ስምን መመለስ እንጂ መቀየር አይባልም። የ2016ን እና የ2017ን የሊግ ዋንጫዎች የወሰዱት አንድ ባንክና አንድ መድን ድርጅት መሆናቸውም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ገና በመሥሪያ ቤት ደሞዝ እንደሚተዳደር ያመለክታል።

የከተማ ክለቦች ደግሞ ለረጅም ጊዜ «ከነማ» ወይም «ከተማ» በሚል አንድ ዓይነት ማኅተም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ። ስሙ ሐሰት የለበትም፤ በጀቱ የሚመጣው ከከተማው አስተዳደር ነውና። ነገር ግን ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያለ ጽሑፍ ይመስላል። ስለዚህም ነው ጅማ ከተማ አባ ጅፋር የሆነው፣ መቀለ ከተማ 70 እንደርታ የተባለው። አባ ጅፋር በአዲሱ ስሙ የ2010ን ዋንጫ፣ 70 እንደርታ በማግሥቱ የ2011ን ወሰዱ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማም በ2013 ተከተላቸው። ስም ጎል አያገባም፤ ግን እነዚህ ሦስት ከተሞች ለቡድናቸው የራሳቸውን ንጉሥና የራሳቸውን አገር ሲሰጡ ወደ ማንቸስተርም ወደ ማድሪድም ማየት አላስፈለጋቸውም።

ሀምበሪቾ ዱራሜ የዚህ ወገን ነው፤ ከሁሉም የሚሻለውም እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሀምበሪቾ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የከምባታ ተራራ ነው፤ የጎብኚ መወጣጫው 777 ደረጃ አለው። የከምባታ ትውፊት ሰባቱ ጎሳዎች በመጀመሪያ የሰፈሩት በዚህ ተራራ ዙሪያ እንደሆነ ይናገራል። ክለቡ መቀመጫው ዱራሜ ቢሆንም ተራራው የዱራሜ ብቻ አይደለም፤ አንጋጫም ያየዋል። አንድ ከተማ ለቡድኑ የራሱን ስም ብቻ ቢሰጥ የጎረቤት ከተማ ደጋፊ በእንግድነት ነው የሚገባው። ተራራ ሲጨመርበት ግን የአንጋጫው ገበሬም፣ የሺንሺቾው ነጋዴም፣ ሥራ ፍለጋ ደቡብ አፍሪካ የወረደው ወጣትም የኔ ነው ሊል ይችላል። ክለቡ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2016 ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል፤ ዓመቱ ከብዶትም ወርዷል። ስሙ ግን አብሮት አልወረደም።

ሀዲያ ሆሳዕና ሌላውን መንገድ ይዟል። የሕዝብ ስምና የከተማ ስም ጎን ለጎን ቆመዋል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሆሳዕና በዓል ነው፤ ከዚያ በፊት ዋቸሞ ትባል ነበር፣ ዛሬ ያንን ስም የያዘው ዩኒቨርሲቲው ነው። የሕዝብ ስም ለክለብ መስጠት ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ደጋፊ አይጎድልም። ጉዳቱ ደግሞ ሽንፈትም፣ የዳኛ ስህተትም፣ የደጋፊ ስድብም በሕዝብ ስም የሚመዘገብ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ እንዲህ ያሉ ስሞች ሁሉ ይነሱ የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ግን ሙሉ አይደለም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ በእግር ኳስ ጨዋታ ሰበብ የሰው ሕይወት ሲጠፋ የተጋጠሙት ክለቦች የሚጠሩት በከተማ ስም ነበር፤ አንዱ የወልዲያ፣ ሌላው የመቀለ። ጠቡ ከስሙ ውስጥ አልወጣም፤ ስሙን በመፋቅም አይጠፋም ነበር። ሀዲያ ሆሳዕና ስሙን ይቀይር የሚል ካለ ለደጋፊው የሚሰጠው ምክንያት ከዚህ የጠነከረ መሆን አለበት።

የኢትዮጵያ ደጋፊ አንድ ነገር ላይ ከአሜሪካኖቹ ቀድሟል። አሜሪካኖች ቅጽል ስምን በክለቡ ሕጋዊ መጠሪያ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጽፈው ያስገባሉ፤ ሰው ሳይወደው ማሊያው ይሸጣል። በኢትዮጵያ ሕጋዊው ስም ለብቻው፣ የፍቅር ስሙ ለብቻው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሰኞቹ፣ ወላይታ ድቻ የጦና ንቦች፣ ባሕር ዳር የጣና ሞገዶቹ፣ አርባ ምንጭ አዞዎቹ፣ ሀዲያ ሆሳዕና ነብሮቹ ይባላሉ። የስፖርት ጋዜጠኛውና ደጋፊው ስለተቀበሉት ይኖራል፤ ባይቀበሉት ይረሳል፣ ለክለቡም የሚያስከትለው ወጪ የለም። አሜሪካ ከአውሮፓ መማር ከነበረባት መማር የነበረባት ይህንን ነው፤ ሊቨርፑልን ቀዮቹ ያለው መዝገብ ሹም አይደለም።

ስያሜው በዚህ ዘመን ይበልጥ የሚከብድበት አንድ ምክንያትም አለ። ከ2013 የውድድር ዓመት ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በጥቂት የተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው፤ ጨዋታውም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቆይቷል። ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም የሌለው ከተማ ቡድኑን በሜዳው አያይም። ሀምበሪቾ ፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት ዱራሜ ላይ አልተጫወተም። ደጋፊው ቡድኑን የሚያገኘው በቴሌቪዥን ማያ ላይ ነው። ክለብ ሜዳውን ሲያጣ ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስረው የቀረው ነገር ማሊያውና ስሙ ነው። ያን ስም ደግሞ «ከምባታ ሲቲ» ቢሉት ከስክሪኑ ላይ የትኛው አገር ቡድን እንደሆነ ለማወቅ ተንታኝ ያስፈልግ ነበር።

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ጉዳዩ ገና ክፍት ነው። በሠፈር ውድድር አርሰናል፣ ባርሳ፣ ቼልሲ እየተባባሉ መጫወት በመላው ኢትዮጵያ የተለመደ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ማንንም አይጎዳም፣ ልጅ የሚወደውን ይጠራል። ጥያቄው የሚመጣው ቡድኑ አድጎ መተዳደሪያ ደንብ ሲጽፍና በፌዴሬሽን ሲመዘገብ ነው። ያን ጊዜ ስሙ በስብሰባ ላይ ከበጀት ዕቅዱ ተርታ በአምስት ደቂቃ የሚያልፍ አጀንዳ መሆን የለበትም። የሲያትል ደጋፊ ያልቀረበለትን ስም በእጁ ጽፎ ለማስመለስ የተገደደው ቀድሞ የጠየቀው ስላልነበረ ነው። አንጋጫ የራሷን ክለብ ለከፍተኛ ሊግ የምታዘጋጅ ቀን ሀምበሪቾ በዱራሜ ተይዟል፤ የቀሩት ወንዞችና ጥንታዊ መንደሮች፣ የወማዎቹ፣ ማለትም የከምባታ ነገሥታት፣ ዘመን ስሞችና የገበያዋ ስም ግን አልተያዙም። ደንቡ ውስጥም ስሙ የሚቀየረው በአባላት ድምፅ ብቻ ነው የሚል አንድ አንቀጽ ቢገባ አዲስ ስፖንሰር ወይም አዲስ ከንቲባ በመጣ ቁጥር ማሊያ ከማሳተም ያድናል።