በቤት ስለሚሠራ ትንሽ የድምፅ ሣጥን

ልጅ በቤት ውስጥ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ ሽቦውን ሲዘረዝር ቢገኝ፥ ከወላጆች ብዙዎቻችን አስቀድሞ የሚመጣልን ቃል ተግሣጽ ነው። «ይህን ተውና ትምህርትህን ተማር» እንላለን። ነገር ግን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅ ስለ ሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ካወጁ እነሆ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖአልና፥ የእጅ ሥራን ከትምህርት ውጭ አድርገን የምንቈጥርበት ምክንያት የለንም። እኔም ይህን የተረዳሁት ከ14 ዓመት ልጄ ነው፤ የነገሩም መነሻ የእናቴ ጆሮ ነበረ።

እናቴ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ሲሆን፥ ጆሯቸው እየከበደ ስለ ሄደ በስልክ የተቀዳውን ስብከትና የመዝሙረ ዳዊት ንባብ እንደ ቀድሞው መስማት ተሳናቸው። ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ምክንያቱ እርጅና መሆኑን ነገረን፤ በጆሮ የሚደረገውን መሣሪያ ግን አልወደዱትም። በሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ከፍ ብናደርገው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ሁከት ሆነ፤ እርሳቸውም «ጩኸቱን እሰማለሁ፤ ቃሉን ግን አልለየውም» አሉ። በዚህ ጊዜ ልጄ «ለእማማ ከአጠገባቸው የሚቀመጥ ትንሽ ስፒከር እኔ እሠራለሁ» ብሎ ተነሣ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ባለ 4 ኦም ስፒከር፥ ፒ.ኤ.ኤም. 8403 የተባለች ትንሽ አምፕሊፋየር፥ አንድ የሊቲየም ባትሪ ከመሙያውና ከመጠበቂያው ሰሌዳ ጋር፥ ማብሪያ ማጥፊያ፥ ጥቂት ሽቦ፥ ስስ ጣውላና ኮላ ነው። ከስልኩ ድምፁ በገመድ ወይም በብሉቱዝ ይመጣል።

የስፒከር ሥራ እንዲህ ነው። እንደ ሾጣጣ ቆብ ያለ ወረቀት አለው፤ በወረቀቱ አንገት ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠቅልሎበታል፤ ጥቅሉም በማግኔት መካከል ይቀመጣል። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በተለዋወጠ ቍጥር ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወረቀቱም አየሩን ይገፋል፤ ድምፅ የሚሆነው ይህ ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የነበሩት ራይስና ኬሎግ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ዓመት ይህንኑ አሠራር አሻሽለው ለሊቃውንት አቀረቡት፤ ዋናው መልኩም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከስልክ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ግን ወረቀቱን ለመግፋት ደካማ ስለ ሆነ፥ ኀይል የሚጨምርለት አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ይህ ዕቃ ቀድሞ በሚግሉ የመስተዋት አምፖሎች ይሠራ ነበር፤ በ1947 ዓመት በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተገኘ በኋላ ግን እየቀለለ መጥቶ፥ ዛሬ ከአንድ ሳንቲም የማይበልጥ ሆኖአል።

ልጄ ሽቦውን በይዶ በጨረሰ ጊዜ ድምፁ መጣ፤ ነገር ግን እንደ ትንኝ ቀጭን ነበረ። አምፕሊፋየሩ የተበላሸ መሰለውና አዘነ። ጥፋቱ ግን ሣጥን ማጣቱ ነው። ወረቀቱ ፊት ለፊት ያለውን አየር ሲገፋ፥ በዚያው ቅጽበት በስተ ኋላው ያለውን ይስባል፤ ሁለቱም በዳርቻው ዙሪያ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ ይልቁንም ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ማንም ይህን ሊመረምር ቢወድ፥ በአንድ ሰፊ ካርቶን መካከል በስፒከሩ ልክ ክብ ቀዳዳ ቈርጦ ስፒከሩን ከቀዳዳው ላይ ያስጠጋው፤ ቀጭኑ ድምፅ ወዲያው ሲወፍር ይሰማል።

ስለዚህ ሣጥኑ ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። ውስጡ በየጐኑ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1 ሊትር አየር ይይዛል፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ስፒከርም ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የበገና ገበቴ ከአውታሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጥ ዘንድ የተሠራ ነው፤ የስፒከር ሣጥን ግን ራሱ ዝም እንዲል ይሠራል። እንጨቱ ከተንቀጠቀጠ የአንባቢውን ቃል ያበላሻል። ስለዚህ ጣውላው ጠንካራ ይሁን፤ መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ይደፈን፤ ውስጡም በሳሳ ባዘቶ ይሞላ። አየር የማያስወጣ መሆኑን ለማወቅ ወረቀቱን በጣት ዳርቻውን ቀስ አድርጎ መጫን ነው፤ ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሣጥኑ ጥሩ ነው።

ስለ ሽቦውም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ከስፒከሩ ሽቦዎች አንዱም ስንኳ ከባትሪው ሽቦ ጋር መነካካት የለበትም። ሁለት ስፒከር የሚያደርግ ሰውም ሽቦዎቻቸውን አንድ ላይ አይሰር፤ አለዚያ አምፕሊፋየሩ ይቃጠላል።

አሁን ወላጅ ሁሉ እንዲያስተውለው ወደምለምነው ነገር ደረስሁ። ልጄ ገንዘብ ለመቈጠብ ብሎ ከአሮጌ ስልክ ባትሪ አውጥቶ አመጣ። ባትሪው እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ ነበረ። እርሱ ይህን ከምንም አልቈጠረውም፤ ሌሊትም ከመኝታው አጠገብ ሊሞላው አስቦ ነበረ። የሊቲየም ባትሪ እንደ ድሮው የባትሪ ድንጋይ አይደለም፤ ቢነፋ፥ ቢበሳ ወይም ከልክ በላይ ቢሞላ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ የተነፋውን አስወግደን፥ 18650 የሚባለውን አዲስ ባትሪ ገዛን፤ ቍጥሩም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፥ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። መሙያው በ4.2 ቮልት ላይ የሚያቆም፥ መጠበቂያም ያለበት ይሁን። የጋለ መበየጃ በባትሪው ላይ ከቶ አይደረግ፤ በማስቀመጫው ይግባ እንጂ። ሲሞላም ሰው ነቅቶ ሳለ፥ ከአልጋና ከመጋረጃ ርቆ በድንጋይ ወለል ላይ ይሁን። 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፥ መሣሪያው 1 ዋት ያህል ቢወስድ፥ 7 ሰዓት ገደማ ያገለግላል።

ሥራው አልቆ ለእናቴ በቀረበ ጊዜ፥ ልጄ ለማስደሰት ብሎ በስልኩ ላይ ወፍራሙን ድምፅ እጅግ ጨምሮት ነበረ። እርሳቸውም ጥቂት አዳምጠው «ልጄ፥ ይህ ነጐድጓድ ነው፤ ዳዊቱ የት አለ?» አሉት። እውነታቸውን ነው። በእርጅና አስቀድሞ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ኀይል ነው፤ «ሰ»ና «ፈ»ን የመሰሉ ፊደላት የሚለዩትም በዚሁ በቀጭኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ቀነሰው፤ የስፒከሩን ፊት ወደ እርሳቸው መልሶ፥ በጆሯቸው ትክክል ከክንድ በማይበልጥ ርቀት አኖረው። ግድግዳ በሌለበት ስፍራ ርቀት በእኩሌታ ሲቀንስ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ኀይል 4 እጥፍ ይሆናል፤ በቤት ውስጥ ከዚህ ጥቂት ቢያንስም ትርፉ ብዙ ነው። ለሠርግና ለጉባኤ ሞንታርቦ ያስፈልጋል፤ ለአንዲት ባልቴት ግን የሚያስፈልጋቸው ቅርበት ነው።

እናቴም ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም ሣጥኑን በእጃቸው ዳስሰው «ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ፤ ማን እንደ ሠራው ሳያውቁ ቀርተው ግን አይደለም። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሣጥኑ ከመከዳቸው አጠገብ ነው፤ የቀረነውም በጸጥታ ቍርሳችንን እንበላለን።

እንግዲህ ልጆቻችን እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምሩ ከአጠገባቸው እንቀመጥ። ባትሪውን እኛ እንጠብቅ፤ ጣውላውንና ኮላውን ግን ለእነርሱ እንተውላቸው።