አሮጌው ቤት ሲጠገን የአዲሱን ደንብ ወጪ ማን ይክፈል?

በጅቡቲ ከተማ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያ የቆሙት ባለቅስት ቤቶች በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠሩ ናቸው። አደባባዩ ከነፃነት ወዲህ ሌላ ስም ቢወጣለትም ብዙ ሰው ዛሬም በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራዋል። በኮራል ድንጋይና በኖራ የተገነባውን አሮጌ ግድግዳ የባሕሩ ጨው ከግርጌው ይበላዋል፤ ልስኑ ይረግፋል። ከላይ ግን ተከራይ ይኖራል።

አደጋው የታወቀ ነው። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ። ምድሩም ቢሆን የሚታመን አይደለም፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የፈነዳው በ1971 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ሲጎዳ መድን ድርጅቱ የሚከፍለው በተለምዶ የነበረውን ለመመለስ ብቻ ነው። የጎረቤት ኢትዮጵያ ንግድ ሕግም በቁጥር 678 ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ዕለት ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። መነሻው ክፉ አይደለም፤ ማንም በቃጠሎ እንዳያተርፍ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ግድግዳውን ለመተካት 4 ሚሊዮን ፍራንክ ይበቃል እንበል። የሕንፃ ደንቡ ደግሞ የብረት ማሰሪያ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመርና የእሳት አደጋ መውጫ ቢጠይቅ፣ 2 ሚሊዮን ይጨመራል። ይህን የመድን ውሉ አይሸፍንም። አከራዩ ልስን ለጥፎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ኪራይ ይጨምራል።

መፍትሔው አዲስ ፈጠራ አይሻም። በአሜሪካ የመንግሥት የጎርፍ መድን ክፉኛ የተጎዳን ቤት ከደንቡ ጋር ለማስማማት እስከ 30 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ፍሎሪዳም መድን ሰጪዎች ለቤት ባለቤቶች ይህን ሽፋን እንዲያቀርቡ በሕግ ታስገድዳለች።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፦ ለኪራይ የሚውል አሮጌ ቤት መድን ሲገባለት ደንቡ የሚያስከትለውን ወጪ የሚሸፍን ተጨማሪ ዋስትና፣ የክፍያው ጣሪያ ተወስኖም ቢሆን፣ በግዴታ ይካተት። መድን ሰጪዎች አሮጌ ቤት አያዋጣም ይሉ ይሆናል። አረቦኑን እንደ ቤቱ ሁኔታ መተመን ሥራቸው ነው። አረቦኑን መክፈል ያለበትም ኪራይ የሚሰበስበው ባለቤት ነው። ተከራዮችም፣ ከኢትዮጵያ የመጡትን ጨምሮ፣ ውል ከመፈረማቸው በፊት ቤቱ መድን እንዳለውና ምን እንደሚሸፍን ይጠይቁ።