ለማስታወቂያ የተገጠመ ሞተር

የሱፐርካር ሻጭ ደግሞ ደጋግሞ የማይጠግባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ሞተሩ በቀጥታ ከፎርሙላ ዋን የመጣ ነው» የምትል። ገዢው ይህችን ሲሰማ በዋጋ መከራከሩን ይተዋል፤ የመኪና መጽሔቶችም ተቀብለው ያዳንቃሉ። ለውድድር የተሠራ ሁሉ ለመንገድ ከተሠራው ይበልጣል የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው፤ የፎርሙላ ዋን ሞተር ለመንገድ እስኪበቃ ድረስ ማንነቱ ተገፎ ያልቅና ስሙ ብቻ ይቀራል።

መርሴዲስ ኤኤምጂ ዋንን እንውሰድ። ኩባንያው መኪናውን እ.ኤ.አ. በ2017 ፍራንክፈርት ላይ አሳየ፤ ማምረት የጀመረው ግን በ2022 ነው። አምስት ዓመት ምን ሲያደርግ ከረመ? ዋናው ጣጣ ሞተሩን መግራት ነበር። 1.6 ሊትሩ ቪ6 በውድድር መኪናው ላይ ሚኒሞው፣ ማለትም ቆሞ ሲሠራ የሚዞረው፣ በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ነው። ትራፊክ መብራት ላይ እንዲህ እየጮኸ የሚቆም መኪና የአውሮፓን የጭስ ሕግ አያልፍም፤ ስለዚህ ወደ 1,200 መውረድ ነበረበት። ለከፍተኛ ዙር የተቀረጸ ሞተር ዝቅ ሲል ደግሞ ነዳጅና አየሩ በቅጡ አይዋሃድለትም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጭሱም ይበላሻል። ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር እስኪሞቅ መኪናው የሚነሳው በኤሌክትሪክ ነው። ይህ ሁሉ ተደክሞበትም ሞተሩ 50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወርዶ መታደስ እንደሚያስፈልገው ገና ሲተዋወቅ ተነግሯል። በዚያ ኪሎ ሜትር ላይ ተራ ቶዮታ «ገና አዲስ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ከመኪናው 1,063 የፈረስ ጉልበት ውስጥም ያ ዝነኛ ሞተር የሚያዋጣው 574ቱን ብቻ ነው፤ የቀረው ከኤሌክትሪክ ሞተሮች ነው።

መሐንዲሶቹን መውቀሴ አይደለም፤ የታዘዙትን ሠርተዋል። ትእዛዙ ነው የተሳሳተው። የፎርሙላ ዋን ሞተር ሲቀዘቅዝ ክፍሎቹ እርስ በርስ እጅግ ስለሚጣበቁ አስቀድሞ ሙቅ ውሃ ካልተዘዋወረበት አይነሳም። በ2017 ደንቡ ለአንድ ነጂ ለ20 ውድድሮች አራት ሞተር ይፈቅድ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ዕድሜ ለቡድኑ ትርፉ ክብደት ነው። የመንገድ ሞተር ግን ሌሊቱን ብርድ ላይ አድሮ ጠዋት በአንድ ቁልፍ መነሳት፣ በ2,000 ዙር ዳገት መውጣት፣ ሰልፍ ውስጥ ሳይግል መቆም አለበት። የጉግስ ፈረስን በቅሎ ሁን እንደ ማለት ነው።

ፌራሪም ሞክሮታል። በ1995 የወጣው ኤፍ50 የ1990ውን የፎርሙላ ዋን ቪ12 መነሻ አድርጎ ከ3.5 ወደ 4.7 ሊትር አሳደገው፤ ዙሩንም ወደ 8,500 አወረደው። የቀረው የውድድር ጠባይ ሞተሩ ንዝረት የሚያበርድ ላስቲክ ሳይኖረው በቀጥታ ከሻንሲው ጋር መታሰሩ ነበር፤ ንዝረቱም ተሳፋሪው አጥንት ድረስ ይገባል። ፌራሪ ከዚያ ወዲህ የፎርሙላ ዋን ሞተር በመንገድ መኪና ላይ አልገጠመም። የ2002ቱ ኤንዞ አዲስ ቪ12 ይዞ መጣ፤ የዚያ ሞተር ዘር እስከ ዛሬ ይመረታል። ያማሃ ደግሞ የፎርሙላ ዋን ሞተር የገጠመበትን ኦኤክስ99-11 የተባለ መኪና ሦስት ናሙና ብቻ ሠርቶ አንድም ሳይሸጥ ተወው።

«ኑርበርግሪንግ ላይ ክብረ ወሰን የሰበረው ኤኤምጂ ዋን አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው፤ በ2022 በ6 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ። ግን ኑርበርግሪንግ የውድድር ሜዳ ነው። የውድድር ሞተር በውድድር ሜዳ መፍጠኑን ማን ካደ?

ይልቅ የሚገርመኝ ማክላረን ኤፍ1 የተባለው የመንገድ መኪና ታሪክ ነው። መኪናውን የነደፈው ጎርደን መሪ፣ ሞተሩን የሠራው የቢኤምደብሊዩው ፓውል ሮሸ ነው። ሁለቱም በ1983 ኔልሰን ፒኬ የፎርሙላ ዋን ዋንጫ ያነሳበትን መኪናና ሞተር የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የፎርሙላ ዋንን ሞተር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስለሚያውቁት ነው የተዉት። ለመንገድ ብለው 6.1 ሊትር ቪ12 ሠሩ፤ መኪናው በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በ1995 ደግሞ ያው ሞተር ለ ማን (Le Mans) ላይ የ24 ሰዓቱን ውድድር አሸነፈ፤ ያውም ደንቡ አየሩን ስለሚያጠብበት ጉልበቱ ከመንገዱ መኪና አንሶ። ለመንገድ የተወለደው ሞተር ውድድሩን ቻለው ማለት ነው። ጎርደን መሪ በቅርቡ በሠራው ቲ.50 ላይም ኮስዎርዝ ከመነሻው ለዚያ መኪና የነደፈው ቪ12 አለ፤ 12,100 ዙር ይደርሳል፣ ከኤኤምጂ ዋን 11,000 በላይ። ሞተሩ ከየትኛውም የውድድር መኪና አልተነቀለም።

ስለዚህ የመኪና ጋዜጠኛ ወዳጄ፣ ሻጩ «ከፎርሙላ ዋን የመጣ» ሲልህ አጨብጭበህ አትጻፍ። በስንት ዙር ቆሞ እንደሚሠራና በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚታደስ ጠይቀው፤ መልሱንም አትም።