የልብ ሕሙማንን ደም ስለ መቆጠብ

ባለሙያ ሴት የጠላ ጋኗ መሰንጠቁን ያወቀች እንደ ሆነ፥ ጠላው ሁሉ ፈስሶ እስኪያልቅ ቆማ አትመለከትም። አስቀድማ ከወፍራሙ በእንስራ ቀድታ ታኖርና በጋኑ ውኃ ትጨምርበታለች። ከዚያ በኋላ በስንጥቁ የሚወርደው ቅራሪ ነው፤ ደኅናው ጠላ ግን በእንስራው ተጠብቆ ለእንግዳ ይደርሳል። በልብ ኦፐራሲዮን ጊዜ የበሽተኛውን ደም በማቅጠን ደም ለመቆጠብ ሐኪሞች ያወጡት ዘዴ ይህንኑ ይመስላል።

ሥራው እንዲህ ነው። በሽተኛው በመድኃኒት ከተኛ በኋላ፥ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ ከሚሠራው መኪና ጋር ሳይገናኝ፥ ከገዛ ደሙ ተለክቶ ይቀዳና እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ከረጢት ይቀመጣል፤ በምትኩም የጨው ውኃና ይህን የመሰለ ፈሳሽ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ኦፐራሲዮኑ ሲፈጸም የራሱ ደም ይመለስለታል። በሥራው መካከል የሚፈሰው የቀጠነ ደም ስለ ሆነ፥ የሚጠፋው ቀይ የደም ሕዋስ ጥቂት ነው። የተቀመጠውም ደም በመኪናው ውስጥ ስላላለፈ፥ ቁስልን የሚያደርቀውና ደምን የሚያረጋው ኃይሉ ሳይጎዳ ይቈያል።

ይህ ሐሳብ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ዶክተር ጆን ጊበን በፊላደልፊያ ከተማ በ1945 ዓ.ም. በመኪናው እየተረዳ የአንዲት ወጣት ልብ ከፍቶ በደኅና ከዘጋ በኋላ፥ መኪናውን ለመሙላት የብዙ ሰው ደም ያስፈልግ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ናዚህ ዙህዲ የተባለ ሐኪም በኦክላሆማ መኪናውን በሰው ደም ፋንታ ስኳር ባለበት ውኃ ሞልቶ ሠራ። በሂውስተን ከተማም ዶክተር ዴንተን ኩሊና ባልደረባው፥ በሃይማኖታቸው ምክንያት የሌላ ሰው ደም ለማይቀበሉ ሕሙማን ያለ ደም የተደረጉ 542 ኦፐራሲዮኖችን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1977 ለዓለም ገለጹ።

ይሁን እንጂ ጥበብ ሁሉ በሚዛን ሊመዘን ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የታተመ አንድ ታላቅ ምርመራ በ11 አገሮች በ32 ሆስፒታሎች 2010 ያህል ዐዋቂ የልብ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ አስተያየ። ደማቸው አስቀድሞ ከተቀዳላቸው መካከል የሌላ ሰው ደም ያስፈለጋቸው ከመቶ 27 ያህል ሲሆኑ፥ እንደ ተለመደው ከታከሙት መካከል ከመቶ 29 ያህል ሆኑ። ይህ ልዩነት ዘዴው ረድቷል ብሎ ለመፍረድ የሚያበቃ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ባለጸጎቹ አገሮች እንኳ በዚህ ዘዴ ብቻ ከደም ለጋሽ ደጅ አልራቁም ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ነገሩ ከዚህ ይጠብቃል። የዚህም ምክንያት ከኦፐራሲዮኑ ክፍል ይልቅ እንደ ጎብዬ ባለ ስፍራ ይገኛል። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በራያ ቆላ ያለች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባም ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በዚያ አገር አንድ ሕፃን ጉሮሮውን ያመመው እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ እንጥሉን ያስቈርጡታል ወይም ይለፈዋል ብለው ይተዉታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ ሲያነክስ፥ ብርድ ነው፥ ቁርጥማት ነው ይባላል። በጉሮሮው የነበረው ተሕዋስ ያስነሣው በሽታ ግን ከመገጣጠሚያው አልፎ የልቡን በሮች ያቈስላል። ዓመታት አልፈው ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ ትንፋሽ ሲያጥረው፥ ያን ጊዜ ሐኪም ይፈለጋል። በጊዜው ቢሰጠው ኖሮ ይህን ሁሉ የሚከለክለው መድኃኒት ዋጋው ትንሽ የሆነው ፔኒሲሊን ነበር።

ይህ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ቢላክ የሚደርሰው፥ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ዘመን ደክመው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. ሥራ እንዲጀምር ወዳደረጉት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ነው። ከዚያ በፊት ሕፃናቱ ባሕር ተሻግረው ይታከሙ ነበር፤ ዛሬ በአገር ውስጥ መታከም መቻሉ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት በሺህ ይቈጠራሉ። ተራው ደርሶ ልጁ ሲተኛም ሌላ ችግር ይገለጣል። በቆላ ወባ ደጋግሞ የጣለው፥ የአንጀት ትል የመጠጠው፥ ሥጋና አትክልት ያነሰው ልጅ ደሙ ቀድሞውኑ የሳሳ ነው። የሃያ ኪሎ ልጅ በሰውነቱ ያለው ደም ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙ አይበልጥም፤ መኪናውን የሚሞላው ፈሳሽም ብቻውን ይህን ደም ያቀጥነዋል። ከእንዲህ ያለ ልጅ ደም ቀድቶ ማኖር ከቅራሪ ላይ ቅራሪ መቅዳት ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ደም የግድ ያስፈልገዋል።

የሌላ ሰው ደም ደግሞ በገበያ አይሸመትም። በኢትዮጵያ የደም ባንክን ሥራ አስቀድሞ ያካሄደው ቀይ መስቀል ማኅበር ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. ግን መንግሥት ተረክቦታል። ቀይ ደም በማቀዝቀዣ የሚቈየው 35 ቀን ያህል ነው፤ ደምን ለማርጋት የሚረዳው ክፍል ግን ከአምስት ቀን አያልፍም። እንግዲህ ደም በአንድ በዓል ቀን ተሰብስቦ ለዓመት የሚከተት እህል አይደለም፤ ዘወትር መቀዳት አለበት። ተማሪ ቤት በሚዘጋበት ክረምትና በጾም ወራት ለጋሽ እንደሚያንስም ደጋግሞ ተነግሯል፤ በሽታ ግን ጾምና ክረምት አይለይም።

አንዳንድ ሰዎች፥ ይህ ሁሉ የታላላቅ ሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ለገጠር ሹምና ለደብር አለቃ ምን ይመለከተዋል? ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የልብ በሽተኛ ደም የሚቆጠበው ቢላዋው ሳይነሣ ነው። በወረዳ ያሉ ሹማምንት ጤና ጣቢያው ፔኒሲሊን እንዳያጣ ቢጠብቁ፥ የልቡ በር የቈሰለው ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን እንዳያቋርጥ ቢከታተሉ፥ ለኦፐራሲዮን የሚላከው ሰው ያንሳል። ተራ የሚጠብቀው ልጅ በሚጠብቅበት ጊዜ ደሙ ቢመረመር፥ ወባውና ትሉ ቢታከምለት፥ ሐኪም ያዘዘለትን የብረት ማዕድን ያለበት ኪኒን ቢወስድ፥ የወረፋው ጊዜ በከንቱ አያልፍም፤ ወደ ኦፐራሲዮን የሚገባውም ደሙን አበርትቶ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አዲስ መኪና ሳይሆን፥ የላከው ጤና ጣቢያ ልጁን ላክሁት ብሎ እንዳይረሳው ነው።

ካህናትም የሚሠሩት አላቸው። የንስሐ አባት በየቤቱ ሲገባ ማን ልጅ እንደሚያነክስ፥ ማን ልጅ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ከሐኪም በፊት ያያል፤ ብርድ ነው ከሚሉት ጋር ዝም ከማለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት ቢል፥ ቃሉ ይሰማል። ደም መስጠትን የሚፈራውን ሕዝብም ሊያጽናና የሚችል እርሱ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፥ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም ቢሰጥ ሰውነቱ መልሶ ይተካዋል። ደም የነፍስ ማደሪያ መሆኑን የሚያስተምር ሰው፥ ያንኑ ደም ለሚሞት ሕፃን ማካፈል ምጽዋት መሆኑን ቢጨምርበት ከትምህርቱ አይወጣም።

ደምን የማቅጠን ጥበብ የተመሰገነ ነው፤ ለተስማማው በሽተኛ ሐኪሙ ይጠቀምበት። ነገር ግን ጋኑ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚደረግ ብልኀት ነው። ጋኑ እንዳይሰነጠቅ መጠበቅና እንስራውን አስቀድሞ መሙላት ግን በጎብዬና እርስዋን በመሰሉት አገሮች ሁሉ ያሉ የሹማምንትና የካህናት ሥራ ነው፤ ለዚህም ሥራ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።